ሳዳምን የምንወደው ለምንድን ነው?

ታኅሣሥ 21 ቀን 1999 ዓ.ም. የዒድ አል-አድሓ ጠዋት ነበር። ከሶላት ተመልሰን፣ ተክቢራው ገና ከአፋችን ሳይጠፋ ወሬው ደረሰን፦ ሳዳም ሑሴን ንጋት ላይ ተሰቅሏል። በዒድ ቀን! ከዚያ በድብቅ በሞባይል የተቀረጸው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተሰራጨ። ፊቱ አልተሸፈነም። በዙሪያው ያሉት ይሳለቁበታል፤ እሱ ግን አልተርበተበተም። ሸሃዳውን ለሁለተኛ ጊዜ ጀምሮ ሳይጨርስ ወለሉ ከእግሩ ሥር ተከፈተ።

ያን አይተን ያለቀስን ብዙዎች ነን። «ሸሂድ» ያልነውም እኛው ነን። ይህን የምናነሳው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ለፍቅራችን ምክንያት አጥተን አልነበረም። ሳዳም የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኢራቅ ነዳጇን ከውጭ ኩባንያዎች እጅ አወጣች። ገንዘቡ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠርቶበታል፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዓለም ያደነቀው ነው። በ1991 ደግሞ ወደ እስራኤል ሚሳይል ተኮሰ። ሌሎቹ የዐረብ መሪዎች መግለጫ ሲያወጡ እሱ ተኮሰ። ለተገፋ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ያ ሚሳይል ከመተኮሱ በፊት የነበሩትን ዓመታት ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሳዳም የተወለደው ቲክሪት አጠገብ ነው። ቲክሪት ሰላሑዲን አል-አዩቢም የተወለደባት ከተማ ናት፤ ሳዳምም ራሱን ከሰላሑዲን ጋር ማስተያየት ይወድ ነበር። ሰላሑዲን ግን ኩርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሳዳም በሰሜን ኢራቅ ኩርዶች ላይ ዘመቻ ከፈተ። ለዘመቻውም ስም ከቁርኣን አወጣለት፦ «አል-አንፋል»። ስለ በድር ዘመቻ የወረደው የሱራ ስም፣ አብዛኞቹ ሱኒ ሙስሊም ለሆኑ ገበሬዎች መጨፍጨፊያ ዋለ። መንደሮቹ ከነመስጂዶቻቸው ፈረሱ። ወንዶቹና ለአቅመ አዳም የደረሱት ልጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው በመኪና ወደ በረሃ ተወሰዱ፤ በተቆፈሩ ጉድጓዶች አፋፍ ላይም ተረሸኑ። የሰብዓዊ መብት አጣሪዎች የሟቾቹን ቁጥር ከ50,000 እስከ 100,000 ይገምቱታል፤ ኩርዶቹ ራሳቸው 182,000 ይላሉ። በዚያው ወቅት፣ መጋቢት 16 ቀን 1988፣ ሐለብጃ በምትባል ከተማ ላይ አውሮፕላኖቹ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። 5,000 ያህል ሰው አለቀ። ጨቅላ ልጁን አቅፎ መሬት ላይ የወደቀውን አባት ፎቶ ያየ አይረሳውም። ዛሬ በዚያው ከተማ ሐውልት ቆሞለታል።

ስለ ሌላው ባጭሩ እንለፍ። ከኢራን ጋር ያደረገው የስምንት ዓመት ጦርነት ከሁለቱም ወገን መቶ ሺዎችን በላ። ያኔ አሜሪካ ጠላቱ አልነበረችም፤ በ1983 ራምስፌልድ ባግዳድ ድረስ ሄዶ እጁን ጨብጦታል። ጠላትነቱ የመጣው ኩዌትን ሲወር ነው። ኩዌትም የሙስሊም አገር ናት።

«ቢሆንም ለዲኑ ቆሟል» የሚሉ አሉ። «አላሁ አክበር» የሚለው ጽሑፍ በባንዲራው ላይ የገባው በጥር 1991፣ ጦርነቱ ደጁ ሲደርስ ነው። «የእምነት ዘመቻ» ያለው በ1993 ተጀመረ፤ ሽንፈቱና ማዕቀቡ ካደከሙት በኋላ ማለት ነው። በኋላ በገዛ ደሙ ተጻፈ የተባለ ቁርኣን አሠራ። ደም ነጃሳ መሆኑን መድረሳ የገባ ሕፃን ያውቃል። ፓርቲው ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ በ1969፣ ዐብዱልዐዚዝ አል-በድሪ የተባሉ ሱኒ ዓሊም በእስር ቤት ተሠቃይተው ሲሞቱ ግን ስለ ዲን የሚናገር አልነበረም።

«ከሱ በኋላ የመጣውስ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። ከ2003 ወረራ በኋላ ኢራቅ ያየችውን መከራ አይተናል። አንድ የባግዳድ ሰው «በሳዳም ጊዜ ቢያንስ ማታ እንወጣ ነበር» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን እሱ ሲወገድ አብሮት የማይፈርስ ነገር እንዳይኖር ያደረገው ማን ነበር? ፕሬዚዳንት በሆነ በሳምንቱ፣ በሐምሌ 1979፣ የገዛ ፓርቲውን ባለሥልጣናት አዳራሽ ሰብስቦ «ከሃዲ» የተባሉትን በስም እያስጠራ አስወጣቸው፤ እሱ ሲጋራውን ያጨስ ነበር። ያልተጠሩት በፍርሃት እያለቀሱ ሳዳምን ያወድሱ ጀመር። ቪዲዮው ዛሬም አለ። በአገራችንም ቀይ ሽብርን ያላየ ወጣት «መንጌ አገር ወዳድ ነበር» ሲል እንሰማለን። ልጇን ያጣች እናት አጠገቡ ብትቀመጥ ይደግመው ይሆን?

የኢራቅን መሬት ከሳዳም በፊት የገዛ ሌላ ብርቱ ሰው ነበር፦ ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ። መልካም ሥራ አልጎደለውም። የቁርኣን ፊደላት እንዲነጠቡ በማድረግ ስሙ ይነሳል፤ ሲንድን የከፈተው ጦር የተላከው በሱ ዘመን ነው። ግን በ73 ሂጅራ መካን በመንጀኒቅ የደበደበ፣ የአስማእን ልጅ ዐብደላህ ኢብን ዙበይርንም ገድሎ አስከሬኑን የሰቀለም እሱ ነው። በ95 ሂጅራ ሰዒድ ኢብን ጁበይርን አስገደለ።

ዑለሞቻችን በሱ ላይ ያላቸውን አቋም ልብ በሉ። ኢብን ዑመር ከኋላው ሰግደዋል። አነስ ኢብን ማሊክ ስለ ግፉ ሲያማርሩላቸው ሰዎቹን ሶብር አድርጉ ብለዋል። ሐሰን አል-በስሪም በሱ ላይ በተነሳው ዓመፅ እንዳይሳተፉ ሰዎችን መክረዋል። ይህ ሁሉ ፊትናን መሸሽ እንጂ እሱን ማድነቅ አልነበረም፤ ዛሬ ሁለቱን እየቀላቀልን ነው። አዝ-ዘሀቢ ታሪኩን ሲጽፉ መልካም ሥራ እንዳለው አልካዱም፤ በኃጢአቱ ባሕር ውስጥ ሰጥሟል አሉ እንጂ።

ዓመፁን የተቃወሙት ሐሰን አል-በስሪ ከሐጃጅ ፍርሃት ተደብቀው ይኖሩ ነበር። የቁርኣኑን ነጥብም የሲንድን ድልም ያውቃሉ። የመሞቱ ዜና ሲደርሳቸው የምስጋና ሱጁድ ወረዱ።