የሕመም በር

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይደርባል። ማሾና ሽንኩርት ከሚበቅልበት የይፋት ቆላ ሙቀት ወጥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ወዳለው ጉም ይገባልና። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራውን ዋሻ አልፎም ወደ ደጋው ይዘልቃል። አጎቴ ግን እዚህ በር ላይ ሲደርሱ እጃቸውን የሚሰዱት ወደ ግራ እግራቸው ነው። «ጣቶቼን ነዘረኝ» ይላሉ። ግራ እግራቸው ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ጦር ግንባር ከጉልበታቸው በታች ተቆርጦ ቀርቷል።

እኛ ዘመዶቻቸው መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ አዘንን፤ በመጨረሻም ዝም አልን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እሳቸው አልደበቁም፤ ያላመንነው እኛ ነን።

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ያከመው ሐኪም ሲላስ ዊር ሚቸል፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ለእንዲህ ያለው አካል «የምትሐት እግር» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። እግሩ ምትሐት ይባል እንጂ ሕመሙ እውነት ነው።

አማርኛችን ለኤሌክትሪክም ለሕመምም አንድ ቃል ሰጥቷል፦ ነዘረ። የታመመ ጥርስ ይነዝራል፤ የተላጠ ሽቦም ይነዝራል። የሁለቱ ዝምድና ግን ከሽቦ መፈጠር እጅግ ይቀድማል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ሐኪም ስክሪቦኒዮስ ላርጎስ፣ ራስ ምታትና ሪህ የጸናበት ሰው ሕያው የሆነ ነዛሪ የባሕር ዓሣ ከሚያመው ቦታ ላይ እንዲያደርግ ያዝዝ ነበር። ስለ ሐበሻ አገርም ተመሳሳይ ነገር ተጽፏል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ኒኮላው ጎዲኞ ከሚስዮናውያን ዘገባ አጠናቅሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1615 በሊዮን ከተማ በላቲን ያሳተመው መጽሐፍ፣ በአገሩ ወንዞች ውስጥ የያዘውን ሰው የሚያሠቃይ ዓሣ እንዳለ፣ የአገሬው ሰዎችም ይህ ዓሣ ርኩስ መንፈስን ከሰው ያስወጣል ብለው እንደሚያምኑ ይተርካል። ነዛሪው ዓሣ ዛሬም በዓባይና በገባሮቹ፣ በባሮም ጭምር ይገኛል። በመከራ መከራን ማስወጣት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ዋግምቱም መተኮሱም ከዚሁ አሳብ የራቁ አይደሉም።

ታዲያ ንዝረት እንዴት ሕመምን ያስታግሣል? እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል አንድ መልስ አቀረቡ። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር የሚሠራ ነገር አለ አሉ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚያልፈው በሩ ሲከፈት ነው፤ መዳሰስና መታሸት በሩን ገርበብ ያደርጉታል፤ አንጎልም ራሱ ከላይ ሆኖ ሊዘጋው ይችላል።

እነሆ ሐኪሞች የላይኛውን በረኛ ፍለጋ ወደ አንጎል ዘለቁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ሬይኖልድስ የአይጦችን መካከለኛ አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካካ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደቻለ አሳተመ። በ1973 ዮሺዮ ሆሶቡቺና ባልደረቦቹ ፊታቸው ደንዝዞ ሳለ በሕመም ለሚቃጠሉ ሰዎች ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮድ አኖሩ። የራስ ቅል ይበሳል፤ ቀጭን ሽቦ ወደ ጥልቁ ይገባል፤ ከደረት ቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪም ለሽቦው ኃይል ይልክለታል። በጥንቱ ዓሣ ፈንታ ዛሬ ባትሪ ቆመ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ለሁሉም አልሠመረም። በ1976 እና በ1990 ተጀምረው ውጤታቸው በ2001 የታተመ ሁለት ጥናቶች፣ ከታካሚዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ከዓመት በኋላ ሕመማቸው በግማሽ እንዲቀልላቸው የሚለውን መስፈርት አላሟሉም። ይኸው ዘዴ በአሜሪካ ለእጅ መንቀጥቀጥ በ1997፣ ለፓርኪንሰን በ2002 ሲፈቀድ ለሥር ሰደድ ሕመም ግን ፈቃድ አላገኘም። አንዳንዶች እፎይ ብለውበታል፤ ሌሎች ራስ ቅላቸው ተበስቶም ሕመማቸው አልለቀቃቸውም።

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በጥቁር አንበሳ ማሠልጠን የተጀመረው በኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች አጋዥነት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አጎቴ ያ ሽቦ ይደርሰኛል ብለው አይጠብቁም። እሳቸው ያላቸው መድኃኒት በለጋ ቅቤ የሚያሹት ጉማጅ እግር ነው። ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ማሸታቸው የከንቱ ልማድ አይመስለኝም፤ ሜልዛክና ዎል የጻፉለትን በር በገዛ እጃቸው ሲገፉት ኖረዋል።

ባለፈው ጣርማ በርን አብረን ስናልፍ፣ «የትኛው ጣትዎ ነው የሚያምዎት፣ አጎቴ?» አልኋቸው። ሠላሳ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ከእኛ ወገን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም መሰለኝ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትንሿ ናት» አሉ። ከዚያም ጉማጃቸውን እያሹ፣ ዋሻውን እስክናልፍ ድረስ እንዴት እንደሚያማቸው ነገሩኝ።