እባብን መያዝና እባብን ማየት፦ የጄምስ ብሩስ ምስክርነት ከጎንደር እስከ ስናር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ፣ የቀሐን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወጣ ሰው የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያገኛል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በጎንደር በነበረበት ዘመን በእቴጌዪቱ ጥበቃ ሥር ሆኖ የተቀመጠው በዚህ ስፍራ ነበር። ጎንደር የገባው በፌብሩዋሪ 1770፣ ከተማይቱን ለቆ የወጣው ደግሞ በዲሴምበር 1771 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የብሩስ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከግሽ ዓባይ ምንጭ ጋር ተያይዞ ነው። ሆኖም በ1790 በኤዲንብራ ካሳተማቸው አምስት ጥራዞች የመጨረሻው፣ በመንገዱ ላይ ስላያቸው ዕፀዋትና እንስሳት የሚናገር ነው። በዚህ ጥራዝ ውስጥ ስለ ቀንዳም እፉኝት የጻፈው ምዕራፍ፣ እባብን በእጅ ይዞ በመዳሰስና ራቅ ብሎ በመመልከት መካከል ያለውን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ምስክርነቱ ከተጻፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም፣ ለጤናም ሆነ ለሥነ ሕይወት ባለሙያ ዛሬም ቁም ነገር አለው።

በዚያ ዘመን በደጋው ሕዝብ ዘንድ እባብን ማቅረብም ሆነ ቆሞ መመልከት የተለመደ አልነበረም። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ንጉሥ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነው፤ የሰው ልጅ መንግሥት የጀመረውም ዘንዶው ከተገደለ በኋላ እንደ ሆነ ይነገራል። «እባብን ልቡን አይቶ እግር ነሣው» የሚለው ተረትም የሚገልጸው ይህንኑ ጥላቻና ፍርሃት ነው። እባብ በታየ ጊዜ የሚነሣው በትር ነው እንጂ የሚዘረጋ እጅ አይደለም።

ብሩስ ግን ከዚህ ደጋ ወርዶ በሄደበት በምዕራቡ ቆላና ከዚያም ባሻገር በስናር ያየው ሌላ ነገር ነበር። ወደ ስናር ሲወርድ በመተማ አቅራቢያ በሚገኘው በራስ ፊል አገር በተቅማጥ በሽታ ክፉኛ ታመመ። ከሕመሙም ያዳነው በአገሬው ዘንድ ዋጊኖስ የሚባለው ተክል መሆኑን ጽፏል። ይህ ተክል በኋላ በሳይንስ ስሙ በብሩስ ተሰይሟል። ብሩስ ስለ ዋጊኖስ ሲመሰክር በገዛ ሰውነቱ ሞክሮ ነው። በጥቂት ወራት ጊዜ ውስጥ በስናር ስለ ተሰጠው የእባብ መድኃኒት ግን እንዲህ ብሎ ሊመሰክር አልቻለም።

በ1772 በስናር ሳለ፣ የመንግሥቱ ታላቅ ሹም የሼክ አድላን ወንድም ከሆነው ከኪቱ ዘንድ ተቀምጦ ሲጫወት፣ አንድ አገልጋይ ከጉድጓድ ያወጣውን ቀንዳም እፉኝት ይዞ መጣ። እባቡን እንደ መጫወቻ ያገላብጠው ነበርና፣ ብሩስ ጥርሱ ሳይወልቅ እንዳልቀረ ተናገረ። ኪቱ ግን እንዳልወለቀ አረጋገጠለት፤ ራሱም ተቀብሎ በክንዱ ላይ ጠመጠመው፤ በእንግዳው ጥያቄም እባቡ ወደ ማደሪያው እንዲወሰድለት አዘዘ። ብሩስ በማደሪያው አንዲት ጫጩት አንገቷን ይዞ በእፉኝቱ ፊት አራገባት። ደንዝዞ የቆየው እባብ በቁጣ ነደፋት፤ ጫጩቲቱም ወዲያው ሞተች።

ብሩስ ከዚህ ጋር አያይዞ የጻፈው አስተያየት የምዕራፉ ዋና ፍሬ ነው። እፉኝቱ ከመያዙ በፊት ምንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ በሰው እጅ ሲገባ እንደ ታመመና እንደ ደከመ ይሆናል፤ ዐይኑን ይከድናል፤ አፉንም ወደ ያዘው ሰው ክንድ አያዞርም። ብሩስ ይህን ዝምታ የእባቡ እውነተኛ ጠባይ ሳይሆን የውጭ መልክ ብቻ አድርጎ ቈጠረው። የሰው ወዳጅ መስሎ በክንድ ላይ የተጠመጠመው እባብና ጫጩቲቱን የገደለው እባብ አንድ ነበሩ።

ሰዎቹ ከመርዙ እንዴት ሊድኑ እንደ ቻሉ በጠየቀ ጊዜ፣ ኪቱና ሌሎች የተከበሩ ሰዎች ሲወለዱ ጀምሮ እንዲህ መሆናቸውን ነገሩት። ሌሎቹ ስለ ድግምትና ስለ ክታብ አወሩለት። ዐረቦቹ ደግሞ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሥር በማኘክና በዕፀዋት ውኃ በመታጠብ ኃይሉን እንደሚያገኙት ተረዳ። መድኃኒቱም ለራሱ ተሰጠው። ብሩስ ብዙ ጊዜ ለሙከራ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱ ሲደርስ ልቡ ከዳው። ለዚህም የሰጠው ምክንያት አስተዋይነቱን ያሳያል፤ መድኃኒቱ ሳይሠራ ቢቀር ሰዎቹ «ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው» ብለው ሊያመካኙ ይችሉ ነበር። ሙከራው ቢከሽፍ ጥፋተኛው ምንጊዜም የተነደፈው ሰው እንጂ መድኃኒቱ አይሆንም ማለት ነው።

በካይሮም ተመሳሳይ ትዕይንት አይቷል። አንድ ሰው ቀንዳሙን እፉኝት በባዶ እጁ አውጥቶ በራሱ ላይ አስቀመጠውና ቆቡን ደፋበት፤ ቀጥሎም በጉያው ከተተው፤ እንደ ድሪ በአንገቱ አሠረው፤ በመጨረሻም ከጅራቱ ጀምሮ እንደ ካሮት በላው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በሣጥን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የነበረ እፉኝት ተወርውሮ ከእባብ አምጪዎቹ የአንዱን እጅ በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መካከል ነደፈው። ደም ቢወጣውም ሰውየው ለአራት ሰዓት ያህል በዐይን ሲጠበቅ አልታመመም። ብሩስ የእባቡን መርዝ ለመፈተን ሲል ያለመደውን ፔሊካን የሚባል ትልቅ የውኃ ወፍ አስነደፈ፤ ወፉም በ13 ደቂቃ ያህል ጊዜ ሞተ። ሆኖም ብሩስ ራሱ ሙከራውን ነቅፎታል፤ እባቡ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰውየውን ስለ ነደፈ ከመርዙ ከፊሉን አፍስሷል፤ ወፉንም የነደፈው በራሱ ቁጣ ሳይሆን ተገድዶ ነው ሲል ጽፏል።

እነዚህ ሁሉ በመያዝ የተገኙ ትዕይንቶች ናቸው። ብሩስ በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ በማየት ብቻ ያገኘውንም አስፍሯል። ሁለት ቀንዳም እፉኝቶችን ጣፋጭ ነገር በሚቀመጥበት የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ያለ ምግብ ሁለት ዓመት አቆያቸው። በክረምት እንዳልተኙ፣ በአፕሪል መጨረሻም ቆዳቸውን እንደ ገፈፉ መዝግቧል። በበረሃ ሲጓዝም ቀን ቀን ፀሐዩ ምንም ቢያቃጥል፣ ማታ ለእራት እሳት ሲነድ እፉኝቶቹ ሙቀቱን ፈልገው ወደ ፍሙ እየቀረቡ ይቃጠሉ እንደ ነበር አይቷል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም በፍጥነት እንደሚሄዱ ጽፏል።

ሁለቱን ዓይነት ማስረጃዎች ከዛሬው ዕውቀት ጋር ማመዛዘን ተገቢ ነው። በማየት የተገኘው አብዛኛው ጸንቶ ቆሟል። ቀንዳሙ እፉኝት በአሸዋ ላይ በጎኑ እየተጣጠፈ መሄዱ በሚገባ የታወቀ ጠባዩ ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጥረት በመሆኑ ወደ ሙቀት መሳቡ የተረጋገጠ ነው፤ አያሌ ዓይነት እባቦችም የሰውነታቸውን ሥራ ቀንሰው ለብዙ ወራት ያለ ምግብ ሊቆዩ ይችላሉ። በመያዝ ትዕይንት ላይ የተመሠረተው መደምደሚያ ግን ፈርሷል። ብሩስ የስናር ፉንጅና ኑባዎች በተፈጥሯቸው መርዝ አይነካቸውም ብሎ ማመኑ ስሕተት ነበር። ከእባብ መርዝ የሚያድን የዘር ተፈጥሮ ያለው ሕዝብ የለም።

ታዲያ ያ ሰውዬ በካይሮ ተነድፎ እንዴት ተረፈ? ዛሬ ሊሰጡ የሚችሉት መልሶች ከአንድ በላይ ናቸው። እባብ ሲነድፍ ሁልጊዜ መርዝ አይረጭም፤ መርዙንም ቀደም ብሎ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ በጥቂት በጥቂቱ የተነደፈ ሰውም በደሙ ውስጥ መከላከያ ሊያበጅ ይችላል። ይህ የመጨረሻው መንገድ ለሳይንስ ጠቅሟል። ፈረንሳዊው አልቤር ካልሜት በ1890ዎቹ ዓመታት ጥቂት በጥቂቱ መርዝ ከተወጋ እንስሳ ደም የመርዝ ማርከሻ አዘጋጀ። ብዙም ሳይቆይ ብራዚላዊው ሐኪም ቪታል ብራዚል ለአንዱ እባብ መርዝ የተሠራ ማርከሻ ለሌላው እንደማያገለግል አሳየ። በአሜሪካ ቢል ሃስት የተባለ የእባብ መርዝ አጥላቢ ከ1948 ጀምሮ ራሱን መርዝ እየወጋ፣ ከ170 ጊዜ በላይ ተነድፎ፣ በ2011 በ100 ዓመቱ ዐርፏል። እርሱ ግን ደጋግሞ ሞት አፋፍ ላይ የደረሰ ብርቅ ሰው ነው እንጂ ለሌሎች አርአያ ሊሆን አይችልም።

ዕውቀት ብቻውን ለሚይዝ እጅ ዋስትና እንዳልሆነ የካርል ሽሚት መጨረሻ ይመሰክራል። ሽሚት በቺካጎ የፊልድ ቤተ መዘክር የታወቀ የእባብ ሊቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1957 ዓይነቱን እንዲለይ የተላከለትን አንድ ትንሽ የአፍሪካ የዛፍ እባብ ይዞ ሲመረምር አውራ ጣቱን ተነደፈ። ንድፊያው ቀላል መስሎት የሕመሙን ስሜት በጽሑፍ ይመዘግብ ጀመር፤ በማግሥቱም ሞተ።

ዛሬ በብዙ አገሮች እባብን በቤት ማሳደግ የተስፋፋ ልማድ ሆኗል። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነውና በ1977 በሳይንስ ስም የተሰጠው የደቡብ ምዕራብ ጫካ እፉኝት እንኳ በውጭ አገር አርቢዎች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። በአርቢዎቹ መካከል ዘወትር የሚነሣው ክርክርም የብሩስን ምዕራፍ ያስታውሳል፤ እባብ መያዝን ይለምዳልን? ወይስ መታየት ብቻ ይበቃዋል? መርዝ የሌላቸው አንዳንድ ዓይነቶች በጥንቃቄ ሲያዙ የሰውን እጅ መፍራት ሊተዉ ይችላሉ፤ ይህ ግን እንደ ውሻ ፍቅር ሊቈጠር አይገባም። ያለ መጠን የሚዳሰስ እባብ ምግብ እስከ መተው ይደርሳል፤ በልቶ ወዲያው ከተነካም የዋጠውን መልሶ ያወጣል። መርዛም የሆነው ደግሞ ምንም ያህል ዝም ቢል የሚታይ እንጂ የሚያዝ አይደለም። የብዙ እፉኝቶች የመጀመሪያ መከላከያ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነውና፣ ዝምታቸው ፈቃደኝነት መስሎ የታየው ሰው ይሳሳታል።

ጉዳዩ ለጎንደር ባለሙያ ከመዝናኛ ክርክር ያለፈ ነው። ብሩስ ያለፈበት የምዕራቡ ቆላ ዛሬ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ሲሆን፣ በመከር ጊዜ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ አብደራፊ ይወርዳሉ። የእባብ ንድፊያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ እነዚህ በባዶ እጅ አጭደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም እስከ ጎንደር ሆስፒታል የሚላኩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል የመዘገበው በ2017 ሲሆን፣ በያመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በዓለም ላይ በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል። ሞቱንና የአካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስም ዐቅዷል።

የስናሩ ሥር ዘመድ የሆነ ተስፋ በእነዚህ ሠራተኞች መካከል ሕይወት ያስከፍላል። እባብ በመያዝ ኃይሉን ያሳየ ሰው የሚሰጠው ሥር ይታመናል፤ መርዝ ያልረጨ እባብ የነደፈው ሰው ሲድን ደግሞ ምስጋናው ለሥሩ ይሆናል። በዚህ መካከል በእውነት መርዝ የገባበት ሰው ማርከሻ የሚያገኝበት ሰዓት ያልፋል። ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና እግርን በገመድ ጠፍሮ ማሰርም ጉዳቱን ያብሳሉ እንጂ አያድኑም። የሚጠቅመው የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ታማሚውን በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። እባቡን ለማሳየት ሲባል አሳድዶ መያዝም ሌላ ንድፊያ ማትረፍ ይሆናል፤ መልኩን ከሩቅ አይቶ ለሐኪም መንገር ይበቃል።

ጄምስ ብሩስ እንከን የሌለበት ምስክር አልነበረም። ከእርሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ማየቱን ሊቀበል አልወደደም፤ በለንደንም ታሪኩን ብዙዎች ተጠራጥረውታል። ስለ እባብ በጻፈው ላይ ግን አንድ ታላቅ ሐቀኝነት ይታያል። ዋጊኖስን ቀምሶ መሰከረ፤ የስናሩን ሥር ግን ከእርሱ ጋር ወደ አገሩ ቢወስደውም ሳይሞክረው መቅረቱን አልደበቀም። ፈርቶ መተዉን የጻፈው ያለ ኀፍረት ነው። ያ ፍርሃት ሕይወቱን ሳያተርፍለት አልቀረም፤ በማሰሮው አጠገብ ተቀምጦ በትዕግሥት ያየው ደግሞ ለተከታዮቹ ዕውቀት ሆኖ ቆይቷል።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ተንኮል ቢሆንም፣ ሰውና እባብ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት አገር ቃል በቃል ቢወሰድም ጥሩ ምክር ነው። ካቡ በመካከል ይሁን፤ ዐይን ይመልከት፤ እጅ ግን ይቆይ።