የጀልባ ማንሳፈፊያ ፎም

ማንሳፈፊያ ፎም በትናንሽ ጀልባዎች ወለል ሥር፣ በመቀመጫ ሣጥኖችና በጎኖች ውስጥ የሚቀመጥ፣ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ ቀላል ፕላስቲክ ነው። ጀልባው በደህናው ቀን ያለ እሱም ይንሳፈፋል፤ ፎሙ የሚፈለገው ውኃ ጀልባውን በሞላበት ቀን ነው። ያረጁ የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችን የሚያድሱ ሰዎች ወለሉን ሲነቅሉ ብዙ ጊዜ ይህን ፎም ውኃ ጠጥቶ፣ ከብዶና ጠቁሮ ያገኙታል። አውጥቶ በአዲስ መተካት የእድሳቱ አድካሚ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ክብደቱ ቢሆንም፣ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው አዲሱ ፎም የት እንደሚገባና መጠኑ ምን ያህል እንደሚሆን ነው።

አመጣጥ

የአሉሚኒየም ጀልባ በብዛት መሠራት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። ለባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ግራማን፣ ቆርቆሮ የመቅረጽና ሪቬት የመምታት ሙያውን በጦርነቱ ማብቂያ ወደ ታንኳ አዞረ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የታንኳ ሥራውን ኒው ዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ማራቶን ከተማ አዛወረ። አሉማክራፍት በ1946 በሚኒሶታ ተመሠረተ። በዚያው ግዛት፣ ኒው ዮርክ ሚልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሃዋርድ ለንድ የመጀመሪያውን የአሉሚኒየም ጀልባ በ1948 ሠራ። ዛሬ በአሜሪካ ጓሮዎች ከተሳቢ ላይ ወርደው ከሚታደሱት ጀልባዎች ብዙዎቹ የእነዚህና የመሰሎቻቸው ፋብሪካዎች ውጤት ናቸው።

የእንጨት ጀልባ ውኃ ቢሞላውም እንጨቱ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ሙሉ በሙሉ አይሰምጥም። አሉሚኒየም ግን እኩል ይዘት ካለው ውኃ 2.7 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ውኃ የሞላው ባዶ ቀፎ ከነሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከመቀመጫዎቹ ሥር መጀመሪያ የታሸገ አየር፣ ኋላም የፎም ጡብ ማስገባት ያዙ። የአሜሪካ ምክር ቤት የጀልባ ደህንነት ሕግን በ1971 ካወጣ በኋላ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ዝርዝር ደንብ አወጣ። ደንቡ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተግባራዊ ሲሆን፣ ርዝመታቸው ከ20 ጫማ (6.1 ሜትር) በታች የሆኑ አብዛኞቹ ባለ አንድ ቀፎ ጀልባዎች ውኃ ሞልቷቸውም እንዲንሳፈፉ አስገደደ። ከ2 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ተንጠልጣይ ሞተር የሚይዙት ደግሞ መንሳፈፍ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሳይገለበጡ፣ ወለላቸው እንደተዘረጋ መቆየት አለባቸው። ከዚያ በፊት የተሠራ ጀልባ የሚያድስ ሰው እንግዲህ «በነበረው ልክ መለስኩ» ብሎ መርካት የለበትም፤ የነበረው ራሱ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ፎም ውኃ የሚጠጣበት ምክንያት

በሥራ ላይ የሚውሉት ዋና ዋና ፎሞች ፖሊዩሬቴንና ፖሊስታይሪን ናቸው። እያንዳንዷ የአየር ክፍል በራሷ ግድግዳ ስለታጠረች ውኃ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አያልፍም ይባላል። ይህ በአዲስነቱ በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም ክፍል ዝግ ሆኖ አይወጣም፤ ጀልባው በማዕበል ላይ በተንገጫገጨ ቁጥርም ስስ ግድግዳዎቹ ይሰነጠቃሉ። ሚኒሶታን በመሰለ ቀዝቃዛ አገር ደግሞ የገባው ውኃ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የቀሩትን ይሰብራል። ውኃ በእንፋሎት መልክም ከሞቃቱ ወገን ወደ ቀዝቃዛው እየሰረገ እዚያ ጤዛ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ በዓመታት የሚሆን ነው። ፎምን ፈጥኖ የሚያበላሸው መውጫ ያጣ ውኃ ነው። በደህና ጀልባ ውስጥ ዝናቡም፣ የዓሣ ማስቀመጫው ፍሳሽም፣ በላላ ሪቬት የሚገባውም ውኃ በቀፎው መሐል ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጀልባው ተሳቢ ላይ ሲወጣም የኋላው ማፍሰሻ ቀዳዳ ቡሽ ተነቅሎ ይፈስሳል። ቦዩ በቅጠል፣ በአሸዋና በዓሣ ቅርፊት ሲደፈን፣ ወይም ፋብሪካው ራሱ ፎሙን ሲያፈስ ቦዩን ሞልቶት ከሆነ፣ ፎሙ ዓመት እስከ ዓመት ኩሬ ውስጥ ይተኛል። ኮምፔንሳቶ ወለል ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ ነገሩን ያባብሳል፤ ከላይ የረጠበው እንዳይተን ይከድነዋልና።

የጣና ደንገል ታንኳም ውኃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ግን ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካቆመው ይደርቃል። ፎም እንዲህ አይደለም። የሰረገው ውኃ በየክፍሉ ተይዞ ስለሚቀር ሽፋኑ ተነሥቶ ወራት ቢሰጣ እንኳ መሐሉ እርጥብ ይሆናል። አድርቆ መልሶ መጠቀም ድካም ብቻ ነው።

ጉዳቱ በፎሙ ላይ አያበቃም። አሉሚኒየም ከዝገት የሚጠበቀው አየር ሲያገኝ በላዩ በሚፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። እርጥብ ፎም ተለጥፎበት አየር ሲያጣ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ቆርቆሮው ነጭ ዱቄት እያወጣ በነጠብጣብ ይበሳል። ነፍሳት እንዳይበሉት በመዳብ ኬሚካል የታከመ ኮምፔንሳቶ ወለል ከሆነ ደግሞ መዳቡ በውኃው እየታጠበ ወርዶ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የታከመ እንጨት ረጅም ዕድሜ አለው ብሎ ለወለል የሚመርጠው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ለአሉሚኒየም ጀልባ ግን መጥፎ ምርጫ ነው።

ምርመራና ማውጣት

ጀልባው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ሞተሩም እንደ ድሮው ከውኃው ላይ ሊያነሣው ካቃተው ፎሙን መጠርጠር ይገባል። ተሳቢውን ከነጀልባው የምድር ሚዛን ላይ አውጥቶ ከፋብሪካው ክብደት ጋር ማነጻጸር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። እርግጠኛው መንገድ ግን በወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በትራፓኖ ሰፊ ቀዳዳ ከፍቶ የፎም ናሙና ማውጣት ነው። ላይኛው ፎም ደረቅ ሆኖ ታችኛው ሲጨመቅ ውኃ የሚያንጠባጥብበት ጊዜ ብዙ ነውና ናሙናው እስከ ቀፎው መድረስ አለበት፤ ቀፎውን ሳይበሱ።

ፎሙን ለማውጣት የእጅ መጋዝ፣ ጠፍጣፋ መፈንቀያና የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃሉ። ተቆራርጦ በጡብ በጡብ ይነሣል፤ ከቆርቆሮው ጋር የተጣበቀው ቀስ ተብሎ ይፋቃል። በብረት ሽቦ ብሩሽ መፋቅ ጥሩ አይደለም፤ በቆርቆሮው ላይ የሚቀሩት የብረት ብናኞች ኋላ የዝገት መነሻ ይሆናሉ። በእሳት ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ ፖሊዩሬቴን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣል። በድሮ ፎም ውስጥ የአይጥ ጎጆ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ቀፎው ባዶ የሆነበት ይህ ጊዜ ሪቬቶቹን ለመፈተሽ ተመልሶ የማይገኝ አጋጣሚ ነው። ጀልባው በደንብ ተደግፎ ጥቂት ውኃ ይጨመርበትና ከሥር የሚያንጠባጥቡት ቦታዎች ምልክት ይደረግባቸዋል። የላላው ሪቬት አንድ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎለት ሌላው ከውጭ በመዶሻ እየመታ ይጠብቃል፤ የተበላው ይቀየራል። ይህን ዘልሎ አዲስ ፎም የሚያስገባ ሰው ሥራውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደግመዋል።

መጠን

ለጀልባ የሚመረተው የተለመደ ፖሊዩሬቴን በኪዩቢክ ሜትር 32 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ያው ይዘት ያለው ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ 100 ሊትር ፎም ወደ 97 ኪሎ ግራም ያህል ያነሣል። ይኸው ፎም ግማሽ ይዘቱን ውኃ ቢጠጣ፣ 3 ኪሎ ግራም የነበረው ክብደቱ 53 ይሆናል፤ የማንሣት ኃይሉም ወደ 47 ይወርዳል። ባለቤቱ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ በደህናው ቀን 50 ኪሎ ግራም ትርፍ ጭነት ይዞ ይነዳል፣ በአደጋው ቀን ደግሞ 50 ኪሎ ግራም ድጋፍ ይጎድለዋል።

ለስሌቱ መነሻ የሚሆነው ቀፎው ውኃ ውስጥ ሲሆን ያለው ክብደት ነው። አሉሚኒየም በውኃ ውስጥ ከክብደቱ 63 በመቶው ብቻ ይቀረዋል። 110 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀፎ ሲሰምጥ 69 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ሞተሩ፣ ባትሪውና ዕቃው 45 ኪሎ ግራም ይጫኑ ቢባል፣ ድምሩን ለመሸከም ብቻ 120 ሊትር ገደማ ፎም ያስፈልጋል። የተሳፋሪዎቹ ድርሻና ፎሙ ሲያረጅ የሚያጣው ገና አልተጨመረም። ስለዚህ የተሻለው ደንብ የሚቻለውን ያህል ማስገባት ነው፤ የሚያግደው የቦታ እጥረት እንጂ ክብደት አይደለም።

የፎም ዓይነት ምርጫ

ፖሊዩሬቴን ፖሊዮልና አይሶሲያኔት የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች በእኩል ይዘት ሲደባለቁ ይፈጠራል። ድብልቁ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማበጥ ይጀምራል፤ ይዘቱም 25 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። በማንኛውም ጠማማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለሚሞላና ከቆርቆሮው ጋር ስለሚጣበቅ ቀፎውን ያጠነክራል፤ ቤንዚንም አያሟሟውም። ችግሩ አፈሳሱ ላይ ነው። ሲያብጥ ስለሚሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ከፈሰሰ መሐሉ ያርራል፤ መተንፈሻ ካጣም ስስ ቆርቆሮ ያጎብጣል። ስለዚህ በየንብርብሩ፣ ያለፈው እስኪቀዘቅዝ እየተጠበቀ ይፈስሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ማለፊያ ቱቦዎች አስቀድመው መዘርጋት አለባቸው። የአይሶሲያኔት ትነት ደግሞ አስም ሊያስከትል ስለሚችል ክፍት ቦታና ተገቢ ጭምብል የግድ ነው።

ለግንባታ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራ የፖሊስታይሪን ሰሌዳ በመጋዝ ተቆርጦ የሚገጠም ነው። ፎሙ በአሜሪካ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው የነፍስ ማዳኛ ታንኳ ነበር። ውኃ የመጠጣት ጠባዩ አነስተኛ ነው፤ ድክመቱ ቤንዚን እንደ ስኳር የሚያሟሟው መሆኑ ነው። ከነዳጅ ታንክና ቱቦ አካባቢ መራቅ አለበት። እንክብል እንክብል እየሆነ የሚፈረካከሰው የዕቃ ማሸጊያ ፖሊስታይሪን ግን ለጀልባ አይሆንም፤ በእንክብሎቹ መካከል ውኃ ይገባበታል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በወለል ሥር መደርደርም ርካሽ ይመስላል፤ አንዲት ብስ የጠርሙሱን ድጋፍ በሙሉ ትወስዳለች።

ፎሙ በመቀመጫ ሣጥን ውስጥ ለሚገባበት፣ በሪቬት ለተያያዘ አሮጌ ጀልባ ሰሌዳው ይመረጣል። ሲያስፈልግ ይወጣል፣ ሪቬቱ ይታያል፣ ከሥሩም ውኃ መተላለፊያ ክፍተት መተው ይቻላል። ወለሉ በፎሙ ላይ ለተኛ ጀልባ ግን የሚፈስሰው ፖሊዩሬቴን ይሻላል፤ ፎሙ ማንሳፈፊያ ብቻ ሳይሆን የወለሉ መሠረትም ነውና። በዚህም ጊዜ ግማሽ ቱቦ በቀፎው መሐል ተዘርግቶ የውኃው ቦይ ክፍት እንዲሆን ይደረጋል።

አቀማመጥ

ለአዳሾች ቀላሉ ነገር ፎሙን ሁሉ ወለል ሥር ማድረግ ነው። አደገኛውም እሱ ነው። ጀልባው ውኃ ሲሞላው ታች ያለው ፎም ሆዱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ከላይ ያለው ክብደትም ወደ ታች ይጎትታል፤ ጀልባው ይገለበጥና ተሳፋሪው የሚጨብጠው ነገር በሌለው ለስላሳ ቀፎ ላይ ይቀራል። ፎም በሁለቱ ጎኖች ከፍ ብሎ፣ ከጀልባው ከንፈር ሥር ሲቀመጥ ግን ጀልባውን ሁለት እጅ እንደያዘው ያቆመዋል። ከኋላ ግራና ቀኝ፣ ሞተሩ ከታሰረበት ግድግዳ አጠገብ፣ ተጨማሪ ፎም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጀልባው በኋላው ሰምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቆማል።

ሰፊ ወለል ለማግኘት ሲባል የመሐል መቀመጫዎችን መንቀል በአዳሾች ዘንድ የተለመደ ነው። መቀመጫው የፎም ሣጥን ከመሆኑ በላይ ሁለቱን ጎኖች አያይዞ ቀፎውን የሚያጸና ምሰሶ ነው። ከተነቀለ ጥንካሬውም ፎሙም በሌላ መተካት አለባቸው።

የአሜሪካው ደንብ ጀልባው በረጋ ጣፋጭ ውኃ ቢያንስ ለ18 ሰዓት ሰጥሞ ከቆየ በኋላም የሚፈለገውን ያህል እንዲንሳፈፍ ይጠይቃል። አዳሽም በጥልቀቱ እስከ ወገብ በሚደርስ ረጋ ያለ ውኃ፣ ሞተሩን አውርዶ እኩል ክብደት ባለው ዕቃ ተክቶ፣ ጀልባውን ሆን ብሎ በውኃ መሙላትና አቋሙን ማየት ይችላል። ደንቡ የሚያስገድደው ፋብሪካውን እንጂ ጀልባውን በጓሮው የሚያድሰውን ባለቤት አይደለም። በጀልባው ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ስንት ሰው፣ ምን ያህል ጭነትና ምን ያህል የፈረስ ጉልበት እንደሚፈቀድ የምትናገረው ግን ከፋብሪካ ስለወጣው ጀልባ ነው፤ መቀመጫው ተነቅሎ ወይም ፎሙ ቀንሶ ወይም ቦታ ቀይሮ ከሆነ በእሷ ቁጥር መተማመን አይቻልም።