አዲስ ቴክኖሎጂ፣ ቅጥርና ሥልጠና፤ ከባንክ መስኮት እስከ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ

አዲስ ማሽን ወደ ሥራ ቦታ በገባ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ሰው ይቀነሳል?» የሚል ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋዮች ታሪክ ግን ጉዳዩ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን ያሳያል።

ኤቲኤም እ.ኤ.አ በ1967 በለንደን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በአሜሪካ ሥራ ጀመረ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጄምስ ቤሰን እንዳጠናው፣ እ.ኤ.አ ከ1988 እስከ 2004 በአሜሪካ ከተሞች ለአንድ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉት ገንዘብ ከፋዮች በአማካይ ከ20 ወደ 13 ዝቅ ብለዋል። ይሁን እንጂ የቅርንጫፍ ወጪ በመቀነሱ ባንኮች ሌሎች ቅርንጫፎችን ከፈቱ፤ የከተማ ቅርንጫፎችም ከ40 በመቶ በላይ ጨመሩ። ስለዚህ የሠራተኛው ጠቅላላ ቁጥር አልወደቀም። የተለወጠው የሥራው ጠባይ ነው፤ ብር ከመቁጠር ይልቅ ደንበኛን ማነጋገርና ስለ ብድር ማስረዳት የሚችል ሰው ተፈላጊ ሆነ። እፎይታው ግን ዘላቂ አልነበረም፤ ደንበኛው በእጅ ስልኩ መገልገል ሲጀምር ቅርንጫፎቹም መዘጋት ጀመሩ።

በሀገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም አገልግሎት ጀምረዋል። ገንዘብ የማስገባትና የማውጣት ሥራ በከፊል ወደ ሰፈር ሱቆች ተሻግሯል። ባለሱቁ በኮሚሽን የሚሠራ ወኪል እንጂ ደመወዝተኛ አይደለም፤ በመሆኑም የቅጥር ሠራተኛ ያለው የሕግ ጥበቃ አይደርሰውም።

ለቅጥር ሠራተኛው ሥልጠና የችሎታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራ ዋስትናም ጉዳይ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት አሠሪው ያዘጋጀውን የችሎታ ማሻሻያ ሥልጠና ያልተቀበለ፣ ወይም ሠልጥኖ አስፈላጊውን ችሎታ ያላገኘ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ መለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትም የሥራ ውልን በማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ በምክንያትነት ተጠቅሷል። የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፤ በሥራው የመቆየት ቅድሚያም የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ላላቸው ይሰጣል። ስለዚህ ሥልጠናው ለማን፣ መቼና በምን ጉዳይ እንደተሰጠ የሚገልጽ ሰነድ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም በክርክር ጊዜ ዋና ማስረጃ ይሆናል።