ከነጩ ፈረስ የወደቀው ባሪያ

ጉንደ ወይን ያደግን ሰዎች ጦርነት ሲሣል መጀመሪያ ያየነው በመቅደስ ግድግዳ ላይ ነው። ጊዮርጊስ በአምባላይ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ፤ ከኮቴው ሥር ዑልያኖስ ተዘርሮ። ሕጉ ግልጽ ነበር። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣላልና አንድ ዓይን ብቻ አለው። ፈረሰኛው የእኛ ነው፤ የወደቀው የማንም አይደለም።

ፈረንሳዊው ግሮ እ.ኤ.አ. በ1810 የሣለው «የፒራሚዶች ጦርነት» ከዚህ ሕግ አይርቅም። ናፖሊዮን በፈረስ ላይ ነው፤ ድል የሆኑት ከሥሩ ይማጸናሉ። ማምሉክ በዐረብኛ «በባለቤትነት የተያዘ» ማለት ነው። በልጅነታቸው ከካውካስና ከሌላም አገር ተሸጠው ፈረስና ጎራዴ የተማሩ ባሮች፣ ከ1250 እስከ 1517 ግብጽን ራሳቸው ገዝተዋታል። ናፖሊዮን ካሸነፋቸው በኋላ ማምሉኮችን በክብር ዘበኛው ውስጥ አሰለፈ።

ሕጉን ያፈረሰብኝ ጎያ ነው። ማድሪድ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1808 በፈረንሳይ ጦር ላይ ተነሣች፤ እሱ በ1814 ሣላት። በመካከሉ ቀይ ሱሪ የለበሰ ማምሉክ ከነጭ ፈረስ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ አንድ የከተማው ሰው ጩቤውን እንደያዘ አልለቀው ብሏል። (በዚያ ጓድ ውስጥ ባርነትን ጨርሶ የማያውቁም ነበሩ፤ ልብሱ ግን ሁሉንም ማምሉክ አድርጓቸዋል።) ነጩ ፈረስ አለ፤ ጊዮርጊስ የለም። የገዳዩ ዓይን ከሟቹ ይልቅ ያስፈራል። ያን ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ ባየሁ ቁጥር የማዝነው ለወደቀው ነው፤ ማዝኑ ግን ልክ መሆኑን እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም። ማድሪድን ሊወጋ የመጣው እሱ ነውና።

ከእኛ ምድር የተሸጡትስ? ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ሕንድ ደረሰ። በዚያ የአሕመድነገር ጦር መሪ ሆኖ የሙጋሉን ንጉሥ ጃሃንጊርን ለዓመታት አላስጠጋም አለ። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያጣውን በሥዕል ፈለገ። አቡል ሐሰን በ1616 ገደማ በሣለው ሥዕል ንጉሡ በጦር ጫፍ ላይ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ይወጋል፤ ከሰማይ መሣሪያ የሚያቀብሉት ሕፃናት መላእክት ከአውሮፓ ሥዕል የተቀዱ ናቸው። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን ነው።

አምባር ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ያህል ኖረ። በ1626፣ ራሱ ከትከሻው ሳይለይ፣ በእርጅና ሞተ፤ መቃብሩ ኹልዳባድ ይገኛል።