በደጋማ አካባቢ ለሚገኝ አነስተኛ ድርጅት የኢሜይል ሰርቨር መሣሪያ አመራረጥ

በሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ይደርሳል። ይህ አኃዝ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ መኖሪያ ሲወሳ የተለመደ ነው፤ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። ሆኖም የበርካታ ሃርድ ዲስኮች የፋብሪካ መግለጫ ዕቃው በሥራ ላይ የሚውልበትን ከፍታ በ3 ሺህ 48 ሜትር ይገድበዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ራስ በፍጥነት ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው ስስ የአየር ሽፋን ደግፎት ነው። በመሐል ሜዳ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ30 በመቶ ያህል ያነሰ በመሆኑ ድጋፉ ይሳሳል፤ ራሱም ሰሌዳውን የመንካት ዕድሉ ይጨምራል። ዲስኩ በተገዛበት ዕለት ይበላሻል ማለት አይደለም። አምራቹ ኃላፊነት ከሚወስድበት ወሰን ውጭ እየሠራ ነው ማለት ግን ነው። በመሆኑም በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ቦታዎች ለሚተከል ሰርቨር ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን ኤስኤስዲ መምረጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን በ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ በዚያ ያለ ገዢ ይህ ስጋት የለበትም።

ለመሆኑ አንድ አነስተኛ ድርጅት የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ለምን ይፈልጋል? የሱፍ ምርት የሚያቀርብ ማኅበር፣ እንግዳ የሚቀበል ማረፊያ ወይም የሕንፃ ተቋራጭ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ ውሉንና ደረሰኙን በኢሜይል መላክ ከጀመረ በኋላ ደብዳቤዎቹ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ይሆናሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በአንድ ሠራተኛ የግል አድራሻ የተቀመጠ ውል ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ክርክር በተነሳ ጊዜም ማስረጃው ከድርጅቱ እጅ ውጭ ይሆናል።

ኢሜይል በአገራችን ሥራ ላይ የዋለው ኢንተርኔት በይፋ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መልዕክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጥር ወር 1989 ዓ.ም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የተጀመረው የወረዳኔት ፕሮጀክት ደግሞ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት አገናኝቷል። አጠራቅሞ የማስተላለፉ ዘዴ ዛሬም የኢሜይል መሠረት በመሆኑ መብራትና መስመር ለሚቆራረጥበት አካባቢ ጠቃሚ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ሲጠፋ ላኪው መልዕክቱን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ሙከራው ቢያንስ ከአራት እስከ አምስት ቀናት እንዲቀጥል ይመክራል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት ደብዳቤ አያስቀርም።

መስመሩ ከሳምንት በላይ ሲቋረጥ ግን መልዕክቱ «አልደረሰም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታዎች ለወራት አለመመለሱን ያየ ነጋዴ ይህን አይዘነጋም። ስለሆነም መሣሪያ ከመግዛት በፊት የሚነሳው ጥያቄ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ከውጭ የሚመጣውን መልዕክት የሚቀበለውን ክፍል አስተማማኝ መብራትና መስመር ባለበት የመረጃ ማዕከል ተከራይቶ፣ የመልዕክቶቹን ሙሉ ቅጂ የሚይዝ ማሽን በቢሮው ቢተክል ይሻለዋል የሚል ነው።

ሁሉንም በቢሮው ለማድረግ የቆረጠ ድርጅት የማይለዋወጥ የአይፒ አድራሻ ከቴሌኮም አቅራቢው መጠየቅ፣ ከአድራሻው ወደ ስሙ የሚመልሰውን ምዝገባም ማስደረግ ይኖርበታል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ ላኪዎች ማንነታቸውን በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም እንዲያረጋግጡ ያስገድዳሉ፤ በብዛት የሚልኩት ደግሞ ሁለቱንም ከዲማርክ ጋር ማሟላት አለባቸው። ይህ ካልተሟላ የቱንም ያህል ውድ ማሽን ቢገዛ የድርጅቱ ደብዳቤ ወደ ቆሻሻ መልዕክት ማኅደር ይገባል።

ወደ ማሽኑ ስንመለስ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት ከሚያስፈልጋቸው በላይ በመግዛት ነው። አሥር ሠራተኞች በቀን እያንዳንዳቸው 40 መልዕክት ቢለዋወጡና የአንዱ አማካይ መጠን 100 ኪሎ ባይት ቢሆን በቀን 40 ሜጋ ባይት፣ 300 የሥራ ቀናት ባሉት ዓመት 12 ጊጋ ባይት ይሆናል። በአምስት ዓመት 60 ጊጋ ባይት ነው። ፎቶግራፍና ዲዛይን የሚልክ ድርጅት ይህን በአራትና በአምስት ያባዛው፤ ያም ሆኖ 500 ጊጋ ባይት የሚይዝ ዲስክ ይበቃዋል። በአማርኛ መጻፍ ቦታ ይፈጃል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ ሦስት ባይት መያዙ እውነት ነው፤ ዲስክ የሚሞላው ግን ጽሑፍ ሳይሆን አባሪ ፋይል ነው።

እንደ ፖስትፊክስና ደቭኮት ያሉት በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች ቀላል ናቸው። ሜሞሪ የሚበላው የቫይረስ መመርመሪያው ነው፤ በስፋት የሚታወቀው ክላምኤቪ ብቻውን ከአንድ ጊጋ ባይት በላይ ይይዛል። ስለዚህ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪና ከሁለት እስከ አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር በቂ ነው። ስሕተትን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ የተባለ ሜሞሪ ቢገኝ መልካም፤ ባይገኝ ግን ገንዘቡ ለሁለተኛ ዲስክ ይዋል። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ማድረግ አንዱ ሲሞት ሥራው እንዳይቆም ይረዳል። ኤስኤስዲ ሲመረጥ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለውን መረጃ የሚጠብቅ መከላከያ ያለው ይሁን፤ ርካሾቹ ይህ የላቸውም።

ስሱ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። በዘርፉ የሚሠራበት መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደውን የሙቀት ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያደርጋል። በ35 ዲግሪ እንዲሠራ የተፈቀደ ሰርቨር በመሐል ሜዳ ጣሪያው 28 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የመንዝ ብርድ ይህን ያካክሳል ቢባልም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ግን ከደጁ ብርድ ምንም አይጠቀምም። ሱፍ በሚባዘትበትና በሚፈተልበት ቤት ደግሞ ብናኙ ማራገቢያውን በጥቂት ወራት ይደፍናል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ከትልቅ ሰርቨር ይመረጣል። ውርጭ በሚያድርበት ወር ማሽኑን ሌሊት ማጥፋትም አይመከርም፤ ጠዋት ክፍሉ ሲሞቅ በቀዘቀዘው አካል ላይ ጤዛ ሊቋጥር ይችላልና።

የትንሹ ማሽን ትልቁ ብልጫ በመብራት ላይ ይታያል። 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1 ሺህ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል። ትንሹ ማሽን 20 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ቢወስዱ የኢንቨርተሩ ብክነት ተቀንሶ 17 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። 120 ዋት የሚወስድ ሰርቨር በዚያው ባትሪ ከአራት ሰዓት አያልፍም። ሰርቨር ተብሎ የተሠራ ትልቅ ዕቃ ቢሮን እንደሚያስከብር የሚያስቡ ሥራ አስኪያጆች አሉ፤ ልዩነቱን የሚያዩት መብራት በጠፋበት ቀን ነው።

ዩፒኤስ ሲገዛ ባትሪው መዳከሙን ለማሽኑ አሳውቆ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያደርግ ገመድ ያለው መሆኑ ይታይ። ነጎድጓድ በሚበዛበት ክረምት የመሬት ሽቦ የሌለው ሕንፃ ውስጥ የትኛውም ዩፒኤስ ብቻውን አያድንም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ማስፈተሽ ከዕቃው ግዢ ይቀድማል። የዩፒኤስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ መተኪያው በበጀት ይያዝ።

ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ አበባ ገበያ መግዛት ነውር የለበትም። ሻጩ ፊት ማሽኑ ተከፍቶ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ክፍል እንዳለው የሚያሳየው መዝገብ ይነበብ፤ ዲስኩን ግን በአዲስ መቀየር ይሻላል።

ሁለቱ ተመሳሳይ ዲስኮች መጠባበቂያ ቅጂ አይደሉም። በስሕተት የተሰረዘ ደብዳቤ ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል፤ ሌባም ሆነ እሳት ሁለቱን አብሮ ይወስዳል። በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ አንዳንድ ወረዳዎች በዘለቀ ጊዜ ሰነዱ ሁሉ በአንድ ክፍል የነበረ ሰው ክፍሉን ሲያጣ ሰነዱንም አጥቷል። በየሳምንቱ የሚገለበጥና በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ተነቃይ ዲስክ በሌላ ከተማ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን፣ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ከዚህ ጸሐፊ ጋር የሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት በየዓርቡ ቅጂ ሲወስድ ኖሮ በተፈለገ ቀን ዲስኩ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም። ማሽኑ በተተከለ በመጀመሪያው ወር አንድ የቆየ ደብዳቤ ከቅጂው ላይ ወጥቶ ይነበብ፤ ከዚያም በሥራ ሰዓት መብራቱን ከግድግዳው ነቅሎ ዩፒኤሱ ምን ያህል እንደሚቆይ በሰዓት ይለካ።