ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በራያ ቆቦ

ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በራያ ቆቦ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖረው ሕዝብ የሚሰጠው የመንግሥት የሙያ ትምህርት ነው። የሥልጠናው ማዕከል በቆቦ ከተማ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲሆን፣ በዞኑ ከሚገኙት ተመሳሳይ ተቋማት መካከል የወልድያ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ይጠቀሳሉ።

አካባቢው

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ክልል፣ በሰሜን ከትግራይ፣ በምዕራብ ከግዳን ወረዳ ጋር ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ 221,958 ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 33,142 ብቻ ነው። ከዋናው መንገድ ርቀው በሚገኙት የዞብል ተራሮችና የምዕራብ ደጋ ቀበሌዎች ለሚኖር ወጣት ኮሌጅ መግባት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር ማለት ነው።

ታሪክ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የሚሄድ ራሱን የቻለ ዘርፍ አደረገው። በዚህ መሠረት 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ተማሪዎች 10+1፣ 10+2 እና 10+3 በሚባሉ ፕሮግራሞች ይሠለጥኑ ነበር። በኋላ ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የግብርና ልማት ሠራተኞችን የሚያፈሩ ኮሌጆችን በመላ አገሪቱ ከፈተ፤ በአማራ ክልል ወረታ፣ ኮምቦልቻ፣ ቡሬና መርሳ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የዘርፉ አመራር በ2014 ዓ.ም. ለአዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ።

የሥልጠና አሰጣጥ

ሥልጠናው በሙያ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በአሠራሩ መሠረት 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሆናል። ሠልጣኙ ከኮሌጁ ሌላ በድርጅት ውስጥ እየሠራ የሚማርበት ክፍል የትብብር ሥልጠና ይባላል። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በተለምዶ «ሲ ኦ ሲ» የሚባለውን የብቃት ምዘና ይፈተናል። ትላልቅ ፋብሪካዎች በሌሉበት እንደ ቆቦ ባለ አካባቢ የትብብር ሥልጠና ቦታ የሚሆኑት በአብዛኛው ጋራዦች፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች እንዲሁም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ኮሌጆች ከመደበኛ ሥልጠና በተጨማሪ አጫጭር ሥልጠና ይሰጣሉ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችም በክህሎት፣ በቴክኖሎጂ፣ በካይዘንና በኢንተርፕረነርሺፕ ድጋፍ የማድረግ ኃላፊነት አለባቸው።

ከአካባቢው ኑሮ ጋር ያለው ግንኙነት

የራያ ቆላ ዝናብ አጠር ነው፤ ዋነኛ ሰብሎቹ ማሽላና ጤፍ ናቸው። ሜዳው ግን ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ አለው። በ1990ዎቹ የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን በማስቆፈር የጠብታና የርጭት መስኖ አስፋፍቷል። ይህ መስኖ በኤሌክትሪክ ወይም በናፍጣ ጄኔሬተር በሚሠራ ፓምፕ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ፓምፕ ሲቃጠል በዚያ ጉድጓድ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ሁሉ ውኃ ያጣሉ፤ የጠብታ መስኖ ማጣሪያ በወቅቱ ካልጸዳም ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ስለዚህ በአቅራቢያ የሚገኝ የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧና የሞተር ጥገና ባለሙያ ለአንድ የምርት ወቅት ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ስደት ነው። ከራያ ቆቦ ብዙ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳውዲ አረቢያ ይሄዳሉ። ሳውዲ አረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ተመላሾችን በአጫጭር ሥልጠና ወደ ሥራ ማስገባት ከኮሌጆች ተግባራት አንዱ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ደንግጓል።

የጦርነቱ ጊዜ

ቆቦ በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ጊዜ በትግራይ ኃይሎች ተይዛለች፤ መጀመሪያ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ። በእነዚህ ጊዜያት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው፣ ትምህርትም ቆሞ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል ሌላ ግጭት በመቀስቀሱ የክልሉ ትምህርት እንደገና ተስተጓጉሏል። የሙያ ሥልጠና በማሽንና በመብራት የሚካሄድ በመሆኑ፣ ከተቋረጠ በኋላ መልሶ ለመጀመር ክፍልና መምህር ብቻ አይበቁትም።